«ጥርስ ሊያበቅል ነው»፣ «ይወድቃል»፦ ስለ ወተት ጥርስ የሚሰጡ ሁለት ምክሮች ሲመረመሩ

በሕፃናት ማከሚያ ክፍሎች ስለ ወተት ጥርስ ሁለት አጫጭር ምክሮች በየጊዜው ይሰማሉ። አንደኛው፣ የሰባት ወይም የስምንት ወር ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ይዞት ሲመጣ የሚነገረው «ጥርስ ሊያበቅል ነው» የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ የአራት ዓመት ልጅ የፊት ጥርሶቹ ጠቁረውና ተሸርፈው ሲታዩ የሚሰነዘረው «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል» የሚለው ነው። ሁለቱም እናትን ለማረጋጋት በቅን ልቦና የሚነገሩ፣ ከባለሙያው ጊዜ የማይወስዱ፣ ተቃዋሚም የማይገጥማቸው አባባሎች ናቸው። ለረዥም ጊዜ ሳይመረመሩ የቆዩትም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን አባባሎች ከያዙት እውነትና ከሚያስከትሉት ውጤት አንጻር መመዘን ነው። ሲመዘኑም የመጀመሪያው የጤና ባለሙያው ሊያስቀረው የሚታገለውን የግግ ማስወጣት ልማድ በባለሙያ አንደበት የሚያጸና፣ ሁለተኛው ደግሞ ለወተት ጥርስ የሚደረገውን ክብካቤ ከመነሻው ትርጉም የሚያሳጣ ሆኖ ይገኛል። አንዱ ጥርሱን የበሽታ ምንጭ ያደርገዋል፤ ሌላው ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። በሁለቱ መካከል ጥርሱን እንደ አንድ የሕፃኑ አካል ቆጥሮ የሚጠብቀው ሰው አይገኝም።

ግግና የባለሙያው ቃል

ግግ ማስወጣት በኢትዮጵያ በብዙ አካባቢዎች የሚታወቅ ልማድ ነው። ሕፃኑ ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ሲይዘው፣ ጡት እምቢ ሲል ወይም ሲከሳ ድዱ ይታያል። በክራንቻው ቦታ ላይ ነጣ ብሎ ያበጠ ነገር ከተገኘ የሕመሙ ምክንያት እርሱ ነው ይባልና በመርፌ፣ በምላጭ ወይም በሌላ ሹል ነገር ተፈልፍሎ እንዲወጣ ይደረጋል። የሚወጣው ነገር ለስላሳና ነጭ በመሆኑ በአንዳንድ አካባቢ ትል ነው ተብሎ ለእናትየው ይታያል። እርሱ ግን ትል አይደለም፤ ገና ድንጋያማነቱን ያልጨረሰ የክራንቻ ጥርስ ቡቃያ ነው። የወተት ክራንቻ በአብዛኛው ከ16 እስከ 22 ወር ባለው ጊዜ የሚወጣ ሲሆን፣ ከመውጣቱ ከብዙ ወራት በፊት ድዱን ከፍ አድርጎ መታየቱ የጤናማ ዕድገት ምልክት ነው።

የድርጊቱ ጉዳት ለባለሙያ አዲስ አይደለም። የደም መፍሰስና የደም ማነስ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የመንጋጋ አጥንትና የደም መመረዝ፣ በጋራ መሣሪያ የሚተላለፉ ቫይረሶች ተጠቃሽ ናቸው። በተጨማሪም ከወተት ክራንቻው ሥር እያደገ ያለው የቋሚ ክራንቻ ቡቃያ ሊጠፋ ወይም ቅርጹ ሊበላሽ፣ ጎረቤቱ የሆነው የፊት ጥርስም ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ከዓመታት በኋላና ከትውልድ ቦታ ርቆም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ጥርስ ሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በፈለሱ የቤተ እስራኤል ልጆች ላይ የወተት ክራንቻ ቡቃያ መውጣቱንና ከዚሁ ጋር የተያያዙ የጥርስ ጉድለቶችን ዘግቧል። ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ ከጥርስ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ይኸውም ግግ ተፈልጎ ወጥቶ ለውጡ እስኪጠበቅ ድረስ ተቅማጡ ሕፃኑን የሚያደርቅበት ቀን ማለፉ ነው።

እዚህ ላይ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» የሚለው ምክር ቦታው የት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። እናትየው ከጎረቤት የምትሰማው ጥርስ ተቅማጥ ያመጣል የሚል ነው። ከጤና ጣቢያ የምትሰማውም ጥርስ ተቅማጥ ያመጣል የሚል ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል በምርመራው ላይ ልዩነት የለም። ልዩነቱ በሕክምናው ላይ ብቻ ነው፤ አንዱ መንስኤውን አውጥቶ ሲጥል ሌላው ጠብቂ ይላል። የታመመ ልጅ ያዘለች እናት ደግሞ ከሚያስጠብቃት ይልቅ አንድ ነገር ወደሚያደርግላት ብታደላ የሚያስገርም አይደለም። አብዛኛው አጣዳፊ ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ የሚያቆም በመሆኑም ምስጋናው ለግግ አውጪዋ ይሆናል። በሚቀጥለው ልጅም ላይ ጥርጣሬ አይኖርም።

እንግዲህ በጠዋቱ የጤና ትምህርት ላይ ግግ ማስወጣትን ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ዝርዝር ውስጥ ቆጥሮ የሚያወግዝ ባለሙያ፣ ከሰዓት በኋላ በምርመራ ክፍሉ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ብሎ ሲያሰናብት ጠዋት ያፈረሰውን መልሶ ይገነባል። ትምህርቱ ድርጊቱን ይቃወማል፤ ምክሩ ግን ድርጊቱ የቆመበትን እምነት ያጸድቃል።

ጥናቱ ምን ይላል?

ጥርስ ማብቀል ምንም ምልክት የለውም ማለት አይደለም። ለሃጭ መብዛት፣ የድድ መቆጣት፣ መነጫነጭና ያገኙትን ሁሉ መንከስ የተለመዱ ናቸው። ጥያቄው ከዚህ በላይ ምን ያህል ሊሄድ ይችላል የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ፣ ክሊቭላንድ፣ የተደረገ ጥናት 125 ሕፃናትን በየቀኑ በመከታተል የ475 ጥርሶችን መውጣት መዝግቧል። መንከስ፣ ለሃጭ፣ ድድ ማሸት፣ መነጫነጭና መጠነኛ የሙቀት መጨመር ጥርስ በሚወጣባቸው ቀናት በርከት ብለው ተገኝተዋል። የሰገራ መቅጠንና መብዛት፣ ትውከት፣ ሳልና ከፍተኛ ትኩሳት ግን ከጥርስ መውጣት ጋር ግንኙነት አልታየባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2016 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ አድርጎ የመዘነ ሥራም ወደ ተመሳሳይ መደምደሚያ ደርሷል፤ የሙቀት መጨመር ቢኖርም ትኩሳት ሊባል የሚችል ደረጃ ላይ የሚደርስ አይደለም።

ታዲያ ጥርስና ተቅማጥ ለምን አብረው ይታያሉ? ምክንያቱ የዕድሜ መገጣጠም ነው። የመጀመሪያው የታች የፊት ጥርስ የሚወጣው ከስድስት እስከ አሥር ወር ባለው ጊዜ ነው። በዚሁ ጊዜ ሕፃኑ ከእናቱ የወረሰው የመከላከያ ኃይል ይቀንሳል፤ ተጨማሪ ምግብና ውኃ ይጀምራል፤ መዳህ ይጀምራል፤ ከመሬት ያነሣውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል። በስድስትና በሠላሳ ወራት ገደማ መካከል ሃያዎቹም የወተት ጥርሶች ለመውጣት ተራ ስለሚጠብቁ፣ በዚህ ዕድሜ የሚታመም ሕፃን ሁሉ አንድ ጥርስ ሊያበቅል የተቃረበ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አባባሉ መቼም ቢሆን ውድቅ የሚያደርገው ማስረጃ አይገጥመውም፤ አደገኛነቱም በዚሁ ላይ ነው።

ምክሩ ከእናትየው ይልቅ ባለሙያውን ሲያሳስት ጉዳቱ ይብሳል። ጥርስ ነው ብሎ የደመደመ ሰው መፈለጉን ያቆማል። የጆሮ ኢንፌክሽን፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ወባ፣ የሳንባ ምች ሁሉ በሰባት ወር ሕፃን ላይ ልቅሶና ትኩሳት ብቻ ሆነው ሊጀምሩ ይችላሉ። ድዱ አብጦ፣ ለሃጩ በዝቶ፣ ትኩሳት ይዞት ምግብ እምቢ ያለ ሕፃንም ጥርስ ሳይሆን በሄርፐስ ቫይረስ የመጣ የአፍ ቁስለት ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ብርሃንና ከንፈርን ከፍ አድርጎ መመልከት ብቻ ነው።

ልማዱ የማን ነበር?

ስለ ግግ የሚሰጠው ትምህርት ሌላም ድክመት አለበት። ልማዱ የመሃይምነት ምልክት ተደርጎ ስለሚቀርብ እናትና አያት ሊያፍሩበት ወይም ሊደብቁት እንጂ ሊወያዩበት አይችሉም። የሕክምና ታሪክን ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ ንቀት መሠረት የለውም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታዋቂው ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ጥርስ ሊያበቅሉ የተቃረቡ ሕፃናትን ድድ በስለት መክፈትን ያስተማረ ሲሆን፣ ይህ አሠራር በአውሮፓና በአሜሪካ ሐኪሞች ዘንድ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ቆይቷል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ የሞት መዝገቦች «ጥርስ ማብቀል» የሚለውን ቃል እንደ ሞት ምክንያት ይመዘግቡ ነበር። ለጥርስ ማብቀያ ተብሎ ይሸጥ የነበረው ሜርኩሪ ያለበት ዱቄት የብዙ ሕፃናትን እጅና እግር የሚያቀላ፣ የሚያሰቃይና የሚገድል መመረዝ ሲያስከትል ቆይቶ በብሪታንያ ከገበያ የወጣው በ1950ዎቹ ነው። ለድድ ማደንዘዣ ተብሎ የሚሸጠውን ቤንዞኬይን ያለበት ቅባት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ያስጠነቀቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ጥርስን የሕፃናት ሕመም መንስኤ አድርጎ የማየት ስሕተት የአንድ ሕዝብ ወይም የገጠር ሰው ስሕተት አይደለም፤ የተማረ ሐኪምም ለዘመናት የተሳሳተበት ነው። ስሕተቱን የቀረፈውም በእናቶች ላይ የደረሰ ወቀሳ አልነበረም፤ የእውነተኛው መንስኤ መታወቅና የእውነተኛው ሕክምና መገኘት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በሕፃናት ላይ የሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን በወንጀልነት መደንገጉ ተገቢ ነው። ሆኖም ሕግ ድርጊቱን ወደ ጓዳ ሊያስገባው ይችላል እንጂ እምነቱን አይለውጥም። እምነቱን መለወጥ የሚችለው ተቅማጡ ከየት እንደመጣ የሚያስረዳና ለተቅማጡ መድኃኒት የሚሰጥ ባለሙያ ነው።

«ይወድቃል» የሚለው ፍርድ

ሁለተኛው አባባል ከመጀመሪያው የሚለየው በከፊል እውነት በመሆኑ ነው። የወተት ጥርስ ይወድቃል። መቼ ይወድቃል የሚለው ግን አይነገርም። የታች የፊት ጥርሶች በስድስት ዓመት ገደማ ቢወድቁም፣ የወተት መንጋጋዎችና ክራንቻዎች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ በሥራ ላይ ይቆያሉ። በሦስት ዓመቱ መንጋጋው የተቦረቦረበት ልጅ «ይወድቃል» ሲባል የሚጠብቀው ጊዜ እስካሁን ከኖረው ዕድሜ በእጥፍ ይበልጣል። በዚህ ሁሉ ጊዜ እህል የሚያኝከው በዚያው ጥርስ ነው።

የወተት ጥርስ ኢናሜል ከቋሚው ጥርስ ጋር ሲነጻጸር ስስ ስለሆነ መቦርቦር ወደ ነርቩ የሚደርሰው በፍጥነት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በአንድ ጎን ማኘክ ወይም ጠንካራ ምግብን መተው፣ መግል መቋጠርና የፊት እብጠት ነው። ከሥሩ የተቋጠረው መግል በላዩ የተኛውን የቋሚ ጥርስ ኢናሜል ሊያበላሽ ይችላል። ጥርሱ ያለ ጊዜው ከወለቀም ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ስለሚያዘነብሉ ቋሚው ጥርስ መውጫ ያጣል። «ይወድቃል» የተባለው ጥርስ በእርግጥ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ግን ተከታዩን አበላሽቶ ሊወድቅ ይችላል።

ከዚህም ሌላ አባባሉ ሳይታሰብ የሚጎዳው አንድ ቋሚ ጥርስ አለ። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ በስድስት ዓመት ገደማ ከወተት መንጋጋዎች ኋላ ይወጣል። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ነው ብለው ያስቡታል። ይወድቃል የሚለውን ምክር ለለመደ ቤተሰብ የዚህ ጥርስ መቦርቦር የሚያሳስብ አይሆንም፤ ጥርሱ ግን ምትክ የለውም።

ችግሩ የጥቂቶች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአፍ ጤና ሪፖርት በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን ያህል ልጆች የወተት ጥርስ መቦርቦር እንዳለባቸው ገምቷል። ከዚህ በተለየ መልኩ ደግሞ አፍን ያለማየት ልማድ በሕይወት የሚያስከፍልበት በሽታ አለ። ኖማ በተለይ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ባሉና በምግብ እጥረት በተጎዱ ልጆች ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከኩፍኝ ወይም ከሌላ ሕመም በኋላ፣ እንደ ድድ መድማትና ቁስለት ይጀምርና በቀናት ውስጥ ፊትን ይበላል። ሕክምና ካላገኘ እስከ 90 በመቶ የሚደርሱትን ሊገድል እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይገልጻል። ድርጅቱ በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች መዝገብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። በመጀመሪያ ደረጃው በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት፣ በአፍ ንጽሕናና በምግብ ሊቆም የሚችል በሽታ ነው። ነገር ግን የድድ ቁስል የሚገኘው አፉ ሲታይ ብቻ ነው።

የትምህርት መልእክቶቹ ለማን ተጻፉ?

ስለ ጥርስ የሚዘጋጁ ማስተማሪያዎች በአብዛኛው ሦስት ትእዛዞችን ይደግማሉ፦ ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ፣ ጣፋጭ አለመብላት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የጥርስ ሐኪም ዘንድ መሄድ። ሦስቱም ስሕተት የለባቸውም። ነገር ግን ለአንዲት የዘጠኝ ወር ሕፃን እናት ሲነበቡ ሦስቱም ባዶ ናቸው።

ቦርሹ ሲባል ማን ይቦርሽ የሚለው አልተመለሰም። ልጅ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመቱ ድረስ ጥርሱን በራሱ በደንብ ማጽዳት አይችልም፤ የሚያጸዳው አዋቂ ነው። የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ ንጹሕ ጨርቅ በጣት ጠቅልሎ ወይም ለስላሳ ብሩሽ ይዞ ማጽዳት ይቻላል። ወላጆች የሚጠቀሙበት የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ለአዋቂ ጠቃሚ ቢሆንም ለሕፃን ድድ የሚመች አይደለም። የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ያህል፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ብቻ መሆኑ ካልተነገረ ሕፃኑ ብሩሹ የሞላውን ሁሉ ይውጠዋል። ይህ በተለይ በስምጥ ሸለቆ ትርጉም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በወንጂና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች ከጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ከዚህ በላይ ፍሎራይድ እንደያዘ ለብዙ ዓመታት ይታወቃል። ቋሚ ጥርሶች የሚሠሩት የወተት ጥርሶች አፍ ውስጥ ባሉበት ዘመን ስለሆነ የጥርስ መበለዙም የሚዘጋጀው በዚያው ዕድሜ ነው። ለዚያ አካባቢ እናት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልጋት ስለ ሕፃኑ የመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ምክር ነው።

ጣፋጭ አትስጡ ሲባል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከረሜላ ይታሰባል። ለሕፃን ጥርስ ግን ከረሜላ ብቸኛው ጠላት አይደለም። ስኳር የተጨመረበት ወተት ወይም ሻይ በጡጦ ይዞ መተኛት፣ ዳቦ በጣፋጭ ሻይ እየነከሩ ቀኑን ሙሉ መስጠት፣ በስኳር የጣፈጠ ሽሮፕ ከመኝታ በፊት አጠጥቶ ማስተኛት ሁሉ ጥርሱን ለረዥም ሰዓት በአሲድ ውስጥ ያቆዩታል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የሌሊቱ ጡጦ ከቀኑ ይከፋል። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ ስኳር ትሰጫለሽ ወይ የሚል ሳይሆን ሌሊት በጡጦ ምን ይጠጣል፣ በቀን ስንት ጊዜስ የሚል መሆን አለበት። ይህ ምክር ጡት ማጥባትን የሚያስተው ተደርጎ እንዳይወሰድ መጠንቀቅም ያስፈልጋል፤ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ መቀጠል አለበት።

በዓመት ሁለት ጊዜ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ የሚለው ትእዛዝ፣ የጥርስ ሐኪም በሌለበት ወረዳ ሲነገር የትምህርቱን ሁሉ ተአማኒነት ያሳጣል። እውነተኛው አማራጭ በእጅ ያለ ነው። የተቦረቦረን ጥርስ ያለ ኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ በእጅ መሣሪያ ጠርጎ መሙላት በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በታንዛኒያ የተጀመረ ዘዴ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው ግላስ አይኖመር ሲሚንቶ፣ መቦርቦርን የሚያስቆመው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድና የፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተቀባውን ቁስል ለዘለቄታው እንደሚያጠቁረው ለወላጅ አስቀድሞ መንገር ግን ግዴታ ነው፤ አለበለዚያ ሕክምናው ራሱ እንደ ጉዳት ይቆጠራል።

የጎደለው ቅጽበት

የተቀናጀው የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ ባለሙያው ሳልን፣ ተቅማጥን፣ ትኩሳትንና የጆሮ ችግርን በየተራ እንዲጠይቅ ያደርጋል። ከእነዚህ ዋና ዋና ምልክቶች መካከል ጥርስ የለም። መመሪያው ሕይወት የሚያጠፉትን አስቀድሞ መያዙ ትክክል ነው፤ ሥራ የበዛበት ባለሙያም ተጨማሪ ቅጽ እንዲሞላ መጠየቅ አይገባውም። ይሁን እንጂ ከንፈርን ከፍ አድርጎ የላይ የፊት ጥርሶችን መመልከት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ይፈልጋል፤ አጋጣሚውም አለ።

በኢትዮጵያ የክትባት መርሐ ግብር ሕፃኑ በዘጠኝ ወሩ ለኩፍኝ ክትባት፣ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በአሥራ አምስት ወሩ ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ይመጣል። የዘጠኝ ወሩ ጉብኝት የመጀመሪያዎቹ ጥርሶች የሚወጡበትና ግግ የሚፈለግበት ዕድሜ ነው። የአሥራ አምስት ወሩ ጉብኝት የላይ የፊት ጥርሶች ከድዱ አጠገብ ነጭ መስመር የሚይዙበት ጊዜ ነው። ይህ ነጭ መስመር የመቦርቦር የመጀመሪያ ደረጃ ሲሆን፣ የሌሊቱ ጡጦ ከቆመና ጥርሱ በፍሎራይድ ከጸዳ ሊመለስ የሚችል ነው። ከቡናማ ቀለምና ከቀዳዳ በኋላ ግን መመለስ የለም። በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ የሚሰጥበት ጊዜም ለዚሁ ተግባር ያገለግላል። በጤና ኬላ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ብትሆን ለዚህ ሌላ መሣሪያ አያስፈልጋትም።

በዚህ ቅጽበት የሚነገረው ቃል ከሁለቱ አሮጌ አባባሎች የረዘመ መሆን አይጠበቅበትም። ተቅማጥ ይዞት ለመጣ ሕፃን አያት እንዲህ ሊባል ይችላል፦ «እማማ፣ ይኼ ነጣ ብሎ ያበጠው ትል አይደለም፤ ገና ያልወጣ ክራንቻ ነው። ተቅማጡን ያመጣው በአፉ የገባው ቆሻሻ ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ይኼን ኦ.አር.ኤስ. በተቀመጠ ቁጥር ያጠጡት፤ ዚንኩን ለአሥር ቀን ሳያቋርጡ ይስጡት፤ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ዛሬውኑ ይመልሱት።» ይህ አነጋገር ድዱን አይቶ አያትየው ያዩትን ነገር አይክድም፤ ስሙን ብቻ ይለውጠዋል። በምትኩም ለእጃቸው የሚሠሩትን ነገር ይሰጣል። ግግ አውጪዋን የሚበልጣትም በዚህ ነው።

ለተቦረቦረ ጥርስም እንዲሁ «ይወድቃል» ከሚለው ይልቅ «ይኼ መንጋጋ እስከ አሥር ዓመቱ ያስፈልገዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር በርዝመት አይበልጥም። ነገር ግን አንደኛው ወላጁን ወደ ቤት ያሰናብታል፤ ሁለተኛው ምን ላድርግ የሚል ጥያቄ ያስነሣል። የጤና ትምህርት የሚጀምረው ወላጁ ይህን ጥያቄ ሲጠይቅ ነው።

ስለ ወተት ጥርስ የሚሰጠው ምክር በእውቀት እጥረት የተጎዳ አይደለም። ጥርሶቹ ሃያ መሆናቸውን፣ መቼ እንደሚወጡና መቼ እንደሚወድቁ የማያውቅ የጤና ባለሙያ ጥቂት ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው ነገር በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ወደ ንግግር አለመለወጡ ነው። ግግ ማስወጣትን ለማስቀረት የሚደረገው ጥረት ከስብሰባ አዳራሽ ይልቅ በዚያ ክፍል ውስጥ ይፈተናል፤ የመጀመሪያው እርምጃም ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ሕመም ሳይመረምሩ ለጥርሱ አለመስጠት ነው።